ታምኔሉ (የፎቶው ትንሽ ምስል) ፋይሉ ውስጥ ነው፤ የጎደለው የሚያነበው ነው

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ውስጥ አነስተኛ ፎቶ ቤት አለችኝ። በጥር ሁለት ሰርግ አንስቻለሁ፤ አንዱ ሐይቁ ዳር ነበር። በመሃል ዘጌ ተሻግሬ ኡራ ኪዳነ ምሕረትንም አንስቻለሁ። የራሴ ካሜራ ካኖን 6ዲ ነው፤ ለሰርጎቹ ደግሞ ካኖን አር6 ተከራይቼ ነበር። ሁሉንም በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባልቀመመው ጥሬ ፋይል፣ ነው ያነሳሁት፤ ከአር6 ብቻ ወደ 1,500 ፋይል አለ። ዴስክቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው። ፎልደሩን ስከፍት የ6ዲው ፎቶዎች ይታያሉ፤ የአር6ዎቹ ግን ነጭ ወረቀት የመሰለ ምልክት ብቻ ነው የሚያሳዩት። አንዱ ‹ሁሉንም ወደ ጄፔግ ቀይሪያቸው› አለኝ፤ ሌላው ‹ኮዴክ ፓክ ከኢንተርኔት አውርደሽ ጫኚ› አለኝ። የሚታዩትም ቢሆኑ ኤዲት ለማድረግ ስከፍታቸው ቀለማቸው ይቀየራል። ከዘጌዎቹ ጥቂቶቹ ደግሞ ተጋድመው ነው የሚታዩት። ደንበኞቼ ምርጫ እየጠበቁ ነው። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድም ፋይል አትቀይሪ፣ አትሰርዢ፣ ሚሞሪውንም ፎርማት አታድርጊ። ከገለጻሽ እንደምረዳው ፎቶዎችሽ የተበላሹ አይመስሉም። የጎደለው ኮምፒውተርሽ የአር6ን ፋይል የሚያነብበት ኮዴክ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እሱም በነፃ ይገኛል።

የ6ዲው ታይቶ የአር6ው ያልታየው በካሜራዎቹ ዕድሜ ምክንያት ነው። 6ዲ በ2012 የወጣ ካሜራ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው)፤ የሚጽፈውም ሲአር2 የሚባለውን ፋይል ነው። ሲአር2 የተሠራው ቲፍ በሚባለው የቆየ የምስል ፋይል አወቃቀር ላይ ነው። የኒኮን ኤንኢኤፍ፣ የሶኒ ኤአርደብሊውና የአዶቢ ዲኤንጂም መሠረታቸው ይኸው ቲፍ ነው። ካኖን በ2018 ኤም50ን ሲያወጣ ግን ሲአር3 የሚባል አዲስ ፋይል ጀመረ። ይኼኛው ቲፍን ትቶ ኤምፒ4 ቪዲዮ የሚጠቀምበትን ዓይነት አወቃቀር ያዘ። በ2020 የወጣው አር6 የሚጽፈው ሲአር3 ነው። ሁለቱ በስም የሚለያዩት በአንዲት ቁጥር ቢሆንም የውስጥ አሠራራቸው ፈጽሞ አይገናኝም፤ ሲአር2ን የሚያነብ ኮዴክ ሲአር3 ሲሰጡት ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

ዊንዶውስ ፎልደር ሲከፈት ፎቶዎቹን ራሱ አያነብም፤ ሥራውን ለየፋይሉ ዓይነት ለተመዘገበው ኮዴክ ይሰጣል። ይህ አሠራር ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያለ ሲሆን ዊንዶውስ ኢሜጂንግ ኮምፖነንት ይባላል። ለቪስታና ለዊንዶውስ 7 ማይክሮሶፍት በ2011 ካሜራ ኮዴክ ፓክ የሚባል ለብቻው የሚጫን ነገር አውጥቶ ነበር። በኋላ በወጡት ዊንዶውሶች ላይ ግን ያ ኮዴክ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ መጣ። አንቺ ምንም ሳትጭኚ የ6ዲው ፎቶዎች የታዩሽ ለዚህ ነው። ሲአር3 ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ስለሆነ አብሮ የመጣው ኮዴክ አያውቀውም። ለአዳዲሶቹ ካሜራዎች ማይክሮሶፍት በ2019 ሮው ኢሜጅ ኤክስቴንሽን የሚባለውን አወጣ፤ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው።

ወደ አጫጫኑ ከመግባቴ በፊት ታምኔል የሚባለው ትንሽ ምስል ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ፤ ስለ ቀለሙ የጠየቅሽው መልሱ እዚያው ስላለ ነው። አንድ የሮው ፋይል ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር ተቀምጧል። አንደኛው ሴንሰሩ የሰበሰበው ያልተነካ መረጃ ነው፤ በአር6 ላይ ወደ 20 ሚሊዮን ነጥብ፣ እያንዳንዱ በ14 ቢት። ይህ መረጃ ገና ሙሉ ቀለም የለውም። አንዱ ነጥብ የለካው ቀይን ብቻ ነው፣ ሌላው አረንጓዴን፣ ሌላው ሰማያዊን፤ ጎረቤቶቹን አገናኝቶ ቀለሙን የሚያወጣው ሶፍትዌር ነው። ሁለተኛው ነገር ካሜራው ሲያነሳ እዚያው በራሱ ቀምሞ ከመረጃው ጎን የሚያስቀምጠው ጄፔግ ነው። በሲአር3 ውስጥ ይህ ጄፔግ በሦስት መጠን ይገኛል፦ በጣም ትንሹ 160 በ120 ነጥብ፣ መካከለኛው 1620 በ1080፣ ትልቁ ደግሞ የፎቶውን ሙሉ መጠን የያዘ። ካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን ላይ የምታዪው ይህንን ጄፔግ ነው። ኮምፒውተሩም ታምኔል ሲያሳይ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊዮኑን ነጥብ አያሰላም፤ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ጄፔግ አውጥቶ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ የአር6 ፎቶዎችሽ ታምኔል አሁንም እያንዳንዱ ፋይል ውስጥ አለ፤ የሚያወጣው ብቻ ነው የጠፋው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ችግሩ የኮዴክ መሆኑን አረጋግጪ። አንድ ሲአር3 ፋይል ላይ በቀኝ በኩል ጠቅ አድርጊና ፎቶስ በሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ክፈቺው። ፎቶስም አልከፍትም ካለ ኮዴኩ የለም ማለት ነው። ፎቶስ ከፍቶት ፎልደሩ ውስጥ ግን ታምኔል ከሌለ ኮዴኩ አለ፤ ችግሩ ያለው በዊንዶውስ አቀማመጥ ወይም በተቀመጠ አሮጌ ታምኔል ላይ ነው። ይህችን ፈተና ሳትሞክሪ ምንም አትጫኚ፤ ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ላይ ነው የማያስፈልገውን ሁሉ የሚጭነው።

ቀጥሎ የዊንዶውስሽን ቅጂ ቁጥር እዪ፦ ሰቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ገብተሽ «ቨርዥን» ከሚለው አጠገብ ያለውን። ሮው ኢሜጅ ኤክስቴንሽን የሚሠራው ከ1903 ጀምሮ ባሉት ላይ ነው። 2004፣ 21ኤች2፣ 22ኤች2 ሁሉም ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። 1809 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መጀመሪያ ዊንዶውሱ ራሱ መታደስ አለበት። የዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ቅጂ 22ኤች2 ነው። ማሻሻያው ብዙ ጊጋባይት ስለሚፈጅ በስልክ ሆትስፖት አትሞክሪው፤ ዋይፋይ ካለበት ቦታ ላይ፣ ፎቶዎቹን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ካስቀመጥሽ በኋላ አድርጊው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025) ስላቆመ፣ ኮምፒውተርሽ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ አንድ ጊዜ ወደዚያ ማለፍ ሁለት ጊዜ ከመድከም ይሻላል።

ቁጥሩ 1903 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማይክሮሶፍት ስቶርን ክፈቺና ሮው ኢሜጅ ኤክስቴንሽን ብለሽ በእንግሊዝኛ ፈልጊ። አውጪው ማይክሮሶፍት ኮርፖሬሽን መሆኑንና ዋጋው ነፃ መሆኑን አይተሽ ብቻ ጫኚው፤ ስሙን የሚመስሉ ሌሎች ፕሮግራሞች ስቶሩ ውስጥ አሉና። ይህኛውን በሆትስፖት ማውረድ ይቻላል። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ጭኖልሽ ከነበረ ደግሞ ስቶሩ ውስጥ ላይብረሪ የሚለውን ከፍተሽ ማሻሻያ እንዲፈልግ አድርጊ። አዳዲስ ካሜራዎችን የሚያውቀው በማሻሻያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎቹ ሲአር3ን አያነቡም ነበር። ኤክስቴንሽኑ ተጭኖም ሲአር3 የማይታያቸው ሰዎች መጀመሪያ ማየት ያለባቸው ይህንን ነው።

ከተጫነ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አብሪው። ፎልደሩን ክፈቺና ኮንትሮል፣ ሺፍትና 1ን አንድ ላይ ተጫኚ፤ በጣም ትልቁን አይከን ያመጣልሻል። ሊስት ወይም ዲቴይልስ በሚባሉት አቀማመጦች ላይ ምንም ኮዴክ ቢጫን ታምኔል አይታይም። አልት እና ፒ ፊደልን አንድ ላይ ብትጫኚ ደግሞ በቀኝ በኩል የመረጥሽውን ፎቶ ጎላ አድርጎ የሚያሳይ ሰሌዳ ይከፈታል፤ ምርጫ ስትሠሪ ይጠቅምሻል።

አሁንም ነጩ ወረቀት ካልጠፋ የተቀመጠውን አሮጌ ታምኔል ማጥፋት ነው። ዊንዶውስ ፎልደር በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ላለመድከም አንዴ ያወጣውን ታምኔል በራሱ ማከማቻ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ኮዴኩ ከመጫኑ በፊት የነበረውን ባዶ ምልክት ይዞ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ስታርት ላይ ዲስክ ክሊንአፕ ብለሽ ፈልጊ፣ ሲ የሚለውን ድራይቭ ምረጪ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ታምኔልስ የሚለውን ብቻ ምልክት አድርጊ። ሌሎቹን ምልክቶች በሙሉ አንሺያቸው። ይህን የምለው በምክንያት ነው፦ በአንዳንድ የዊንዶውስ 10 ቅጂዎች ዳውንሎድስ ፎልደርም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ፎቶዎቹን ዳውንሎድስ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ሳያስተውል የሙሽሮችን አልበም በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል። ታምኔሎቹን ማጥፋት ግን ፎቶዎቹን አይነካም፤ ፎልደሩን ስትከፍቺ እንደገና ይሠራሉ።

በፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ «ሁልጊዜ አይከን እንጂ ታምኔል አታሳይ» የሚል ትርጉም ያለው ምልክት አለ፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። ያንቺ የ6ዲ ፎቶዎች ስለሚታዩ እሱ ችግርሽ አይደለም፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይጠፉ ነበር። ጄፔጉም ጭምር ካልታየ ግን መጀመሪያ እዚያ ነው የሚኬደው።

ስቶር የሌለው ዊንዶውስ ካለሽስ? ኤልቲኤስሲ የሚባለው ቅጂ ስቶር የለውም፤ «ቀለል የተደረገ» እየተባለ የሚጫነውም ብዙ ጊዜ ስቶሩ ተነቅሎ ነው የሚመጣው። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስን ከመታገል ሮው የሚያነብ ፕሮግራም ጭነሽ በእሱ መስኮት ማየት ይቀላል። ለካኖን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል የሚባለው የካኖን የራሱ ፕሮግራም አለ፤ ነፃ ነው፣ ሲአር2ንም ሲአር3ንም ይከፍታል። ከካኖን ድረ ገጽ ስታወርጂ የካሜራውን ሲሪያል ቁጥር ሊጠይቅሽ ስለሚችል፣ የተከራየሽውን አር6 ከመመለስሽ በፊት ሥሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንስተሽ ያዢ። የኒኮን ኤንኤክስ ስቱዲዮ እና የሶኒ ኢሜጂንግ ኤጅም ለየካሜራቸው ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። የሁሉንም ካሜራ ፋይል በአንድ መስኮት ማየት ከፈለግሽ ዲጂካም አለ፤ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኤክስኤንቪው ኤምፒም ጥሩና ፈጣን ነው፤ ነፃ የሆነው ግን ለግል ጥቅም ነው፣ ለፎቶ ቤት ሥራ ፈቃድ መግዛት ይጠይቃል።

እኔ ለፎቶ ቤት የምመርጠው ሁለቱንም ማድረግን ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤክስቴንሽኑ ይኑር፣ ፎልደር ሲከፈት ምን እንዳለ በዓይን ለመለየት። ምርጫውና ደረጃ መስጠቱ ግን በዲጂካም ወይም በካኖኑ ፕሮግራም ይሁን፤ የዊንዶውስ ፎልደር ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አጉልቶ ለማወዳደር አልተሠራም።

አሁን ወደተሰጡሽ ሁለት ምክሮች። «ወደ ጄፔግ ቀይሪያቸው» ያለሽ ሰው በቅንነት ነው፤ ግን ምክሩን አትቀበዪ። ሮው ማለት በእኛው ቋንቋ ጥሬ ማለት ነው። ጥሬውን እህል ብትፈልጊ ትዘሪዋለሽ፣ ብትፈልጊ ትፈጪዋለሽ፣ ብትፈልጊ ትቆይዋለሽ፤ የተቆላው ግን ተመልሶ ዘር አይሆንም። በ14 ቢት የተነሳ ፎቶ ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 ደረጃ አለው፤ ጄፔግ 256 ብቻ ነው ያለው። ይህ ልዩነት በቁጥር ብቻ የሚቀር አይደለም። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል ላይ የሚያርፈው በበሮቹ የሚገባው ብርሃን ነው፤ በሩ አጠገብ ያለው ቅዱስ ደምቆ ጥጉ ላይ ያለው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ያንን ጥግ ከሮው ላይ ብታበሪው ቀለሙ ይወጣል። ከጄፔግ ላይ ብታበሪው ቡናማና ግራጫ ቁርጥራጭ ሆኖ ይሰባበራል። በቀትር ሐይቁ ዳር የተነሳች ሙሽራ ነጠላም እንደዚሁ ነው፤ የጥለቱ ክር በሮው ውስጥ አለ፣ በጄፔግ ግን ነጭ በነጭ ሊሆን ይችላል። ጄፔግ ለደንበኛ የሚሰጥ የመጨረሻ ውጤት ነው፤ ሮውን ተክቶ የሚቀመጥ አይደለም።

«ኮዴክ ፓክ አውርጂ» የሚለው ምክር ግማሹ ትክክል ነው፤ ኮዴክ ያስፈልግሻል። ሆኖም ኮዴክ ፓክ ተብለው በብዛት የሚሰራጩት የቪዲዮ ናቸው፤ ፊልም ለማጫወት ይረዱ ይሆናል እንጂ ሲአር3ን አያነቡልሽም። የፎቶ ነው የሚባለውንም ቢሆን ከማይታወቅ ድረ ገጽ ወይም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር አትጫኚ፤ በአንድ ፕሮግራም ስም ሦስት አራት ነገር ጭኖ የሚገባ አለ፣ ቫይረስ የያዘም አለ። የሰው ሰርግ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ይህን አደጋ መውሰድ አይገባም። ሌላም ነገር አለ፦ አንዳንድ የቆዩ ኮዴኮች ለ32 ቢት የተሠሩ ናቸው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ፎልደር የሚከፍተው ክፍል 64 ቢት ስለሆነ እነዚህን አይጠቀምባቸውም። «ተጭኗል» ይልሻል፣ ታምኔሉ ግን አይመጣም።

ኤክስቴንሽኑን መጫን ፎቶሾፕን ወይም ላይትሩምን እንደማይረዳም እወቂ። እነሱ የራሳቸው አንባቢ አላቸው፤ ከካሜራው በፊት የወጣ ላይትሩም አር6ን አይከፍትም፣ ዊንዶውስ ቢከፍተውም። ያለሽ የቆየ ቅጂ ከሆነ አዶቢ በነፃ የሚሰጠውን ዲኤንጂ ኮንቨርተር፣ ከአር6 በኋላ የወጣውን፣ ተጠቅመሽ ወደ ዲኤንጂ መቀየር ይቻላል። ይህ ከጄፔጉ ለውጥ ይለያል፤ ዲኤንጂም ጥሬ ነው። ቢሆንም ዋናውን ሲአር3 አትጣዪ።

ቀለሙ ለምን እንደሚቀየር ከላይ ያልኩት ላይ አለ። ታምኔሉ ካሜራው በራሱ ቅመም ያበሰለው ጄፔግ ነው፤ ፒክቸር ስታይል የሚባለውን የካሜራውን የቀለም ቅንብር፣ ኮንትራስቱንና ነጭ ሚዛኑን ለብሷል። ኤዲት ስታደርጊ ግን ፕሮግራሙ ጄፔጉን ትቶ ጥሬውን መረጃ በራሱ መንገድ ያሰላል። ላይትሩም ውስጥ መጀመሪያ የተቀመጠው ፕሮፋይል የአዶቢ ነው፤ ካሜራ ማቺንግ ከሚባሉት ውስጥ ከፒክቸር ስታይልሽ ጋር የሚሄደውን ብትመርጪ ወደ ታምኔሉ ይቀርባል። የካኖኑ ፕሮግራም የካሜራውን ቅንብር ስለሚከተል ለውጡ እዚያ በጣም ትንሽ ነው። ካሜራው ሞኖክሮም ላይ ሆኖ ካነሳሽ ደግሞ ታምኔሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ስትከፍቺው ግን ቀለሙ ሁሉ አለ። አትደንግጪ።

ከዚህ የሚከተል አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ምርጫሽን በታምኔል ብርሃን ብቻ አትወስኚ። ታምኔሉ ላይ ነጭ ሆኖ የጠፋ ነጠላ ሮው ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ጥራቱንም እንደዚሁ፤ ትንሽ ምስል ላይ ሁሉም ፎቶ የጠራ ይመስላል፣ የሙሽራዋ ዓይን ላይ ፎከስ መያዙን የምታውቂው መቶ በመቶ አጉልተሽ ስታዪው ነው። ታምኔል የሚበቃው ዓይኗን የጨፈነችበትን፣ ሰው የጋረደውን፣ ሚሞሪውን የሞላውን ድግግሞሽ ለመለየት ነው። አባይ ከጣና ሲወጣ ያሉትን ፔሊካኖች በተከታታይ ብታነሺ አር6 በሜካኒካል ሻተር በሰከንድ እስከ 12 ፎቶ ያነሳል፤ በአምስት ሰከንድ 60 ፋይል፣ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ማለት ነው። ያንን ለመቀነስ ታምኔል ዋና መሣሪያ ነው።

የተጋደሙት የዘጌ ፎቶዎች። ካሜራው ፎቶውን አያዞርም፤ በቁም ወይም በአግድም እንደያዝሽው ብቻ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል፣ የሚያሳየው ፕሮግራም ነው የሚያዞረው። ካሜራው ይህን የሚያውቀው በውስጡ ባለ የመሬት ስበት ለኪ ስለሆነ ሌንሱን ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስትይዢ ይሳሳታል። ጣሪያ፣ ከፍ ያለ የግድግዳ ሥዕል፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ብራና ስታነሺ የሚሆነው ይኸው ነው። በካሜራው ሜኑ ውስጥ ኦቶ ሮቴት የሚለው ካሜራውንም ኮምፒውተሩንም በሚያሳየው ምልክት ላይ መሆኑን እዪ። የተሳሳቱትን ግን ፎልደር ውስጥ በዊንዶውስ ሮቴት አታዙሪያቸው፤ ሮው ፋይል ላይ ካሜራውን በማያውቅ ፕሮግራም መጻፍ ጥሩ ልማድ አይደለም። በላይትሩም፣ በዲጂካም ወይም በካኖኑ ፕሮግራም አዙሪያቸው።

ስለ ፍጥነት ባትጠይቂም ልጨምር፦ ታምኔሎቹን ከሚሞሪው ላይ አትክፈቺ። አንድ የአር6 ሮው በአማካይ ወደ 22 ሜጋባይት ቢሆን 1,500ው ወደ 33 ጊጋባይት ይሆናል። በዩኤስቢ 2 ካርድ ሪደር፣ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ያህል ስለሚያስተላልፍ፣ መገልበጡ ብቻ 18 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ከሚሞሪው ላይ ታምኔል እያየሽ ስትገለብጪ ደግሞ ሁለቱም ሥራ ይጎተታል። መጀመሪያ ገልብጪ፣ ከዚያ ክፈቺ። ፎልደሩን በ300 በ400 ፋይል ከፋፍዪው፤ የ6ዲውንና የአር6ውን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ሰርጉን ለየብቻ አድርጊ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ታምኔሎቹ ቀስ እያሉ ይመጣሉ፤ ሁለተኛው ላይ ይፈጥናል።

ለደንበኞችሽ ምርጫ ዛሬውኑ ማድረስ ካለብሽ አቋራጭ አለ። ሙሉ መጠን ያለው ጄፔግ በእያንዳንዱ ሲአር3 ውስጥ ስላለ ኤክዚፍቱል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጄፒጂ ፍሮም ሮው ተብሎ የተሰየመውን ክፍል ነቅሎ በሌላ ፎልደር ያስቀምጥልሻል። ሮው ስለማያሰላ በጣም ፈጣን ነው፤ ዋናው ፋይል አይነካም፣ የፋይሉ ስምም አይቀየርም። ትእዛዝ በጽሑፍ መስጠት ካልለመድሽ በካኖኑ ፕሮግራም ሁሉንም መርጠሽ ባች ፕሮሰስ በሚለው ረጅሙን ጎን 2000 ነጥብ አድርገሽ አውጪ፤ ይኼኛው እያንዳንዱን ሮው ስለሚያሰላ ጊዜ ይወስዳል፣ ማታ አስጀምረሽ ማደር ነው። ደንበኛው የመረጠውን የፋይል ቁጥር ይነግርሻል፣ አንቺም በዚያው ቁጥር ሮውን ታወጪያለሽ።

ለሚቀጥለው ሰርግ ይህ ሁሉ እንዳያስቸግርሽ አር6 ሁለት የኤስዲ ሚሞሪ ቦታ አለው። አንዱ ላይ ሮው፣ ሌላው ላይ ትንሹን ጄፔግ እንዲጽፍ አድርጊ። ጄፔጉ በማንኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ይታያል፤ ለሙሽሮቹ ቤተሰብ እዚያው ምሽት ማሳየት ትችያለሽ። ኤችዲአር ፒኪው የሚለው ግን ጠፍቶ ይሁን። እሱ ከበራ ካሜራው በጄፔግ ፋንታ ሄይፍ የሚባል ፋይል ይጽፋል፤ እሱን ለማየት ሌላ ኤክስቴንሽን ይጠይቃል።

የመጨረሻው በጣም የማሳስብሽ ነገር ነው። ኤክስቴንሽኑ ሠርቶ 1,500ውም ፎቶ ሲታይሽ ደስ ብሎሽ ሚሞሪውን አታጥፊ። ታምኔሉ የሚወጣው በፋይሉ ውስጥ ካለው ትንሽ ጄፔግ ስለሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ወይም ካርድ ሪደሩ ተነቅሎ ጥሬው መረጃ ግማሽ ላይ የተቆረጠ ፋይልም ታምኔሉ ሙሉ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ኤዲት ስትከፍቺው ግማሹ ግራጫ ሆኖ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ሚሞሪው ላይ ያለውን ፎልደርና የገለበጥሽውን ፎልደር ለየብቻ በቀኝ ጠቅ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ ክፈቺ። የፋይሎቹ ቁጥርና «ሳይዝ» የሚለው በባይት የተጻፈው መጠን አንድ መሆን አለበት። «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለውን አታወዳድሪ፤ ያ እንደ ዲስኩ አከፋፈል ይለያያል። ከዚያ ዲቴይልስ ላይ አድርገሽ በመጠን ደርድሪያቸው። ሌሎቹ 20 ሜጋባይት አካባቢ ሆነው አንዱ 3 ሜጋባይት ወይም 0 ከሆነ እሱን ከሚሞሪው እንደገና ገልብጪው። ቁጥሩና መጠኑ ተመሳስሎም ቢሆን ከየፎልደሩ አሥር አሥር ፎቶ በካኖኑ ፕሮግራም ሙሉውን ከፍተሽ እዪ። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሚሞሪውን በኮምፒውተር ሳይሆን በካሜራው ፎርማት አድርጊው።